ሰባት ጊዜ የታረደው ሙሽራ

ሌሊቱን በሕልሜ ሰባት ጊዜ ታረድኩ፤ ያውም በአንድ ቅዳሜ። ሰርጌ እሑድ ነበር። እሑድ ግን አልመጣም አለ።

ቅዳሜው ሁልጊዜ በለቅሶ ይጀምራል። ጎረቤቶቼ በማለዳ ለሰርጌ በተተከለው ድንኳን ተሰብስበው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ያለቅሱልኛል። እኔ ሟቹ በመካከላቸው እየዞርኩ ንፍሮ አድላለሁ። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ሽብሩ እጄን ጨበጡና፣

"እግዚአብሔር ያጥናህ አጥናፉ። በስንት ሰዓት ትሞትልናለህ? ከሰዓት ጉዳይ አለብን" አሉኝ።

"ከስድስት ሰዓት አላሳልፍም" አልኳቸው። ሰው ማስቆየት አልወድም።

ልክ በስድስት ሰዓት ጭምብል ያጠለቀ ሰው መጣ። ቢላዋውን ከኋላው ደብቆ በሩን አንኳኳ።

"ቤቶች!"

"ማነው?"

"ገዳይ ነኝ። መግባት ይቻላል?"

"ግባ፣ ቤት ለእንግዳ።"

ገብቶ አረደኝ። ስነቃ ቅዳሜ ጧት ነው፤ ንፍሮውም ትኩስ ነው። በሦስተኛው ቀን አልጋ ሥር ብደበቅ ለቀስተኞቹ ራሳቸው በእግሬ ጎትተው አወጡኝ። "እንባችንን ከንቱ ልታስቀር ነው?" ብለው ተቆጡኝ። እውነትም አፈርኩ።

በሰባተኛው ቀን ግን ትዕግሥቴ አለቀ። "ቤቶች!" ሲል ዘልዬ ወጣሁና አባረርኩት። ገዳዩ "ያዙልኝ!" እያለ በዋናው መንገድ ፈረጠጠ። በመንገዱ ዳር ፖሊሶች ተሰልፈው ሌባ እስኪፈትሻቸው ይጠብቁ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረስኩበትና ጭምብሉን ገፈፍኩት።

ለሰርጌ የገዛሁት በሬ ነበር። ቀንዶቹ እኮ ከጭምብሉ በላይ ወጥተው ነበር፤ ስድስት ጊዜ ሲያርደኝ ልብ አላልኩም።

"አንተ ነህ?" አልኩት።

"ታዲያ ማን ይሁን?" አለ እያለከለከ። "እሑድ ጎህ ሲቀድ የምታረደው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ላይ ብንቀር ማን ይጎዳል?"

"እኔ ነኛ። እጮኛዬን እታገኝን አራት ዓመት ጠብቄያታለሁ።" እንባዬ መጣ። በሬውም አንጀቱ ራራ።

"እንግዲያው እንስማማ" አለኝ። "ድግሱን በሽሮ አድርገው፣ እሑድን እለቅልሃለሁ።"

አሰብኩበት። የእታገኝ አጎቶች እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ፣ ሽሮው ሲቀርብ፣ እርስ በርስ ሲጠቃቀሱ ታየኝ። ፊቴ ጋለ።

"የሴት ወገን ምን ይለኛል?"

"ከመሞት አይሻልም?"

"ሞት ይሻላል" ብዬ አንገቴን አመቻቸሁለት።

በሬው በትዝብት አየኝ። "እናንተ ሰዎች!" አለና ቢላዋውን አነሳ።

አክስቴ ዘነበች ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ ባነንኩ። ነግቷል።

"ተነስ አጥናፉ፣ ጉድ ሆነናል። በሬው አምልጧል።"

"ገመዱን በጥሶ?"

"መበጠሱስ ባልከፋ። የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ትልቁ ቢላዋም የለም።"

አንገቴን ዳበስኩ። "ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ቅዳሜ ነዋ። ምን ነካህ?"

በሩ ተንኳኳ። "ቤቶች!" አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

አክስቴ ልትከፍት ስትነሳ ቀሚሷን ጨምድጄ ያዝኩ።

"ቆይ እስቲ" አልኳት። "ለሦስት መቶ ሰው የሚበቃ ሽሮ አለን?"