ድንጋይ ያልጣለው አጥቂ

(የእንጨት ሥራ ክፍል፣ የምሳ ሰዓት። ትናንት በመሥሪያ ቤቱ የእግር ኳስ ውድድር እንጨት ክፍል ከቀለም ክፍል ጋር ተጋጥሞ ነበር። ተከላካዩ አናጢ አጥቂውን ቀለም ቀቢ፣ የገዛ አማቹን፣ ጠልፎ ጥሏል ተብሎ በቀይ ካርድ ወጥቷል። አሁን አናጢው የመጋዝ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ዘርግቶ ይጽፋል፤ ቀለም ቀቢው ከኋላው በትከሻው ላይ አጎንብሶ ያነባል።)

ቀለም ቀቢው፦ ይሄን ብለህማ አታስገባም።

አናጢው፦ ምን አለበት? ለውድድሩ ኮሚቴ ይግባኝ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ካላስገባሁ እሁድ በመልሱ ጨዋታ የለሁም። ሃያ ዓመት ተከላካይ ሆኜ ካርድ የሚባል አይቼ አላውቅም። እሁድ መሰናበቻዬ ነው፤ ልጆቼ ሊያዩኝ ይመጣሉ።

ቀለም ቀቢው፦ እሱን መች አልኩህ። እዚህ ጋ ምን ብለሃል? «አማቼን ድንጋይ አደናቅፎት ወደቀ።»

አናጢው፦ እኔ አልነካሁህም። አንተም ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው።

ቀለም ቀቢው፦ ሜዳው ላይ ድንጋይ አለ?

አናጢው፦ የለም። ጠጠር ልበለው?

ቀለም ቀቢው፦ ሰውዬ፣ እኔ በጠጠር የምወድቅ ሰው ነኝ? እዚህ ደግሞ «ጉልበቱም በዕድሜ ምክንያት ደክሟል።» የማን ጉልበት ነው የደከመው? ካንተ በሁለት ዓመት አንሳለሁ እኮ።

አናጢው፦ ታዲያ ምን ጣለህ? እኔ ያን ጊዜ አጎንብሼ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። ዳኛው እንኳ ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀኝም። የጮኸ ሁሉ የተበደለ ይመስለዋል።

ቀለም ቀቢው፦ አለማወቅ ማለት ይሄ ነው። መውደቅ ሙያ ነው ወንድሜ። መጀመሪያ ዳኛው የት እንደቆመ ታያለህ። ከዚያ ግራ እግርህን በቀኝ እግርህ ትመታለህ።

አናጢው፦ በራሴ?

ቀለም ቀቢው፦ በማን ልታስመታው ነው? ባላጋራህ ክር እያሰረ ነው።

አናጢው፦ ቆይ፣ ቀስ በልልኝ። እህቴ ማታ በሙቅ ውሃ ስታሽልህ ያመሸችው ቀኙን ነው።

ቀለም ቀቢው፦ (ትንሽ አስቦ) ቤት ስገባ የትኛው እንደነበር ጠፋብኝ።

አናጢው፦ ጩኸቱስ?

ቀለም ቀቢው፦ ጩኸት ገና አየር ላይ እያለህ ነው የሚጀመረው። መሬት ነክቶ መጮህ የጀማሪ ነው። ከዚያ ሦስት ጊዜ መንከባለል። ከበዛ ያስነቃል።

አናጢው፦ (እየጻፈ) «ከድንጋዩ የተነሣ... ሦስት ጊዜ... ተንከባለለ።»

ቀለም ቀቢው፦ ድንጋዩን ተወው አልኩህ እኮ። አምጣ እስክሪብቶውን። (ወረቀቱን ነጥቆ እየሰረዘ) «ማንም ሳይነካው፣ አስቦበት፣ በራሱ ችሎታ ወደቀ።» በቃ። አሁን የሰው ጽሑፍ ሆነ።

አናጢው፦ ስርዝ ያለበት ወረቀት አይቀበሉም ሲሉ ሰምቻለሁ።

ቀለም ቀቢው፦ ይሄንንም ላስተምርህ? ያረመው ሰው አጠገቡ ስሙን ጽፎ ከፈረመበት ይቀበላሉ። (ስሙን በትልቁ ጽፎ ይፈርማል።)

አናጢው፦ የዕድሜው ነገርስ?

ቀለም ቀቢው፦ እሱማ መጀመሪያ ነው መጥፋት ያለበት። (ይሰርዛል። «ጉልበቱ እንደ ብረት ነው» ብሎ ይጽፋል። ይፈርማል።)

አናጢው፦ እግዜር ይስጥልኝ አማቼ። እኔማ አንተን ላለማስቀየም ስል ድንጋይ ስፈልግ ነው ያረፈድኩት። (ወረቀቱን አጥፎ ወደ በሩ ይሄዳል።)

ቀለም ቀቢው፦ ቆይ እስቲ። ይሄን ኮሚቴው ያነበዋል?

አናጢው፦ ያነበዋል እንጂ።

ቀለም ቀቢው፦ ፊርማዬን ጭምር?

አናጢው፦ ሁለት ቦታ።

ቀለም ቀቢው፦ (ወንበር በእጁ እየፈለገ) አንተን በነፃ ለቀው እኔን ሊያግዱኝ ነው እኮ። አንተ ሰው፣ ጻፍክብኝ።

አናጢው፦ እኔ የጻፍኩት ድንጋዩን ነው።

ቀለም ቀቢው፦ ታዲያ አሁን ምን ይሻላል?

አናጢው፦ አንተም ይግባኝ በል። ብቻ ራስህ እንዳትጽፈው።