የኮሌጃችን ውሃ ወዴት ይፈሳል?

እኛ ደገኞች መሬት ለመስጠት እጃችን ሰፊ ነው፤ ገብስ የማያበቅል እስከሆነ ድረስ። ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብላ ያለችው ኮሌጃችንም የተተከለችው በዚሁ ቸርነት ነው። ገበሬው ከትንሿ ሐይቅ ዳር በሬ የሚሰምጥበትን ረግረግ መርቆ ሰጠ። ሽማግሌዎቹ ግን አንድ ቃል አስገቡ። ድሮም ሸንጎ የሚቀመጡት እዚያው ሐይቁ ዳር፣ ወይራዋ ሥር ነበርና፣ ኮሌጁም ሰው ሲከስ በተዘጋ ቢሮ ሳይሆን እዚያው፣ እኛ ባለንበት ይሁን አሉ። እስከ ዛሬም እንዲያው ነው። ደወላችን የጭነት መኪና ቸርኬ፣ ቤተ መጻሕፍታችን አንድ ክፍል ቢሆንም አትናቁን። በፍርድ አንታማም።

ይህን የምመሰክረው ራሴ ከሳሽ ሆኜ ስላየሁት ነው። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ቀለመወርቅ የሚባል የበየዳ ልጅ ነበረኝ፤ የልጅነት ዘመኑን በቅኔ ቤት የፈጀ፣ እኔን እንኳ «የኔታ» እያለ የሚጠራ። የፈተና ወረቀቱን ባርም አባዝቼ ለተማሪዎቼ ካደልኩት ሃንድአውት ጋር ቃል በቃል አንድ ሆኖ አገኘሁት። ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልሳተም። ኩረጃ ነው አልኩ። በኩረጃ የተያዘ ደግሞ ይባረራል። ልጁ መምህር ሆኖ ወደ አገሩ ሊመለስ የቀረው አንድ ወር ነበር። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የማስበው ስለ እሱ ሳይሆን ስለ ራሴ ንቃት ነበር።

ወይራዋ ሥር ተሰበሰብን። ዳኛው የደብሩ ሽማግሌ ቄስ መልካሙ ነበሩ።

«ልጄ፣ ገልብጠሃል?»

«አልገለበጥኩም አባቴ። በቃሌ ይዤው ነው።»

«እንግዲያው በል፣ አሰማን።»

ቀለመወርቅ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። እናንተዬ! የመጀመሪያውን ገጽ ተወጣው፣ ሁለተኛውን ተወጣው፣ ፎቶ ኮፒው የበላው መስመር ላይ ሲደርስ «እዚህ ላይ ቀለሙ ጠፍቷል» ብሎ አለፈ። ሽማግሌዎቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ኮራሁበትም፣ አፈርኩም። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለ፦

«ከኮሌጃችን ሐይቅ የሚተርፈው ውሃ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል።»

ሸንጎው በሙሉ ዞሮ ሐይቁን አየ። ውሃው ፊት ለፊታችን፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ሃንድአውቱን የጻፍኩት መስኮት በሌለው ቢሮዬ ተቀምጬ ነበር።

«ልብስህን የት ነው የምታጥበው?» አሉ ቄሱ።

«እዚሁ ነው አባቴ።»

«ታዲያ ወዴት እንደሚፈስ አላየህም?»

«አይቻለሁ። የኔታ ተሳስተዋል ከምል ግን ውሃው ተሳስቷል ብዬ ዝም አልኩ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቄሱ ብቻ አልሳቁም። «ልጁ ነጻ ነው» አሉ። «መምህር፣ እርስዎ ግን ወርደው ውሃውን ይዩ።»

ወረድኩ። ቀለመወርቅ ሳይጠራ ተከተለኝና፣ ዳሩ ያዳልጣልና፣ ክንዴን ያዘኝ። ቆመን አየን። ምዕራብ ነው፤ ክርክር የለውም።

«የኔታ» አለኝ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ክረምቱ ሲከብድ እኮ ወደ ምሥራቅም ሳይፈስ አይቀርም።»

እንዲህ ገመናዬን የሚሸፍን ልጅ ነው፣ ሌባ ብዬ ሸንጎ ያቆምኩት።