የድንጋይ ዱቄት

ድንጋይ የሚበሳው በስለት ይመስላችኋል? እኔም ማሽን ላይ እስክወጣ ድረስ ይመስለኝ ነበር። እኛ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ቢት የምንለውን የመሰርሰሪያውን ጭንቅላት ብታዩት ግን ታዝኑለታላችሁ። ስለት የሚባል አልፈጠረበትም፤ ፊቱ ላይ እንደ ሽምብራ ድብልብል ያሉ ጠንካራ ብረቶች ተተክለውበታል፣ በቃ። ይመታል፣ ትንሽ ዞር ይላል፣ ደግሞ ይመታል። ድንጋዩ አይቆረጥም፣ ይደቅቃል። ከዚያ ወደ ታች የሚነፋው አየር የደቀቀውን ጠርጎ ወደ ላይ ያወጣዋል። ዱቄቱ ካልወጣ ቢቱ አዲስ ድንጋይ አይነካም፤ የፈጨውን መልሶ ሲፈጭ ይውላል። ጩኸቱ ያው ነው፣ ጥልቀቱ ግን ፈቀቅ አይልም።

ይህን የማወራችሁ ሙያ ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም። ሥራዬ ብቸኛ ስላደረገኝ አድማጭ ሳገኝ አለቅም፣ ታገሱኝ። ዓመቱን ሙሉ ከመንደር መንደር ድንኳን ይዤ እዞራለሁ። ቀን በማሽኑ ጩኸት የሰው ድምፅ አልሰማም፤ ሲመሽ ደግሞ ትናንት ያሰብኩትን መልሼ አስባለሁ። እኔም ከቢቱ አልሻልም።

ባለፈው በጋ አምበር አካባቢ ወዳለ መንደር ተላክን። ጉድጓዱ የሚቆፈረው አያ ደሴ ከሚባሉ ሽማግሌ አጥር ሥር ነበር። አያ ደሴ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ወንዙ ገደል ውስጥ ስለሆነ ወርደው መቅዳት አልቻሉም፤ ሴት ልጃቸው በየቅዳሜው ከደብረ ማርቆስ እየመጣች የሳምንቱን ውኃ በጀሪካን ሞልታላቸው ትመለሳለች። በመጨረሻ ደከማትና ቁርጡን ነገረቻቸው፤ ጉድጓዱ ውኃ ካልሰጠ ቤቱን ዘግታ ከተማ ልትወስዳቸው ነው። እሳቸው ደግሞ ሚስታቸው ከተቀበሩበት ደብር መራቅ አይፈልጉም። ስለዚህ ሥራ በጀመርንበት ጠዋት በርጩማቸውን ይዘው መጡና አፍንጫዬ ሥር ተቀመጡ።

በሦስተኛው ቀን ጥቁር ድንጋይ ገጠመን። እኔ ቸኩያለሁ፣ ሌላ መንደር ይጠብቀናል። ክብደት ጨመርኩ፣ ተጫንኩት። ማሽኑ አገር ይያዝልኝ ይላል፣ ቢቱ ግን ንቅንቅ የለም። ጓደኞቼ “ነቅለን እንሂድ” ማለት ጀመሩ። ሞተሩን ዝቅ ሳደርገው አያ ደሴ ተነስተው ክንዴን ያዙኝ።

“አትጫነው ልጄ። ድምፁ ታፍኗል፣ ዱቄቱን አውጣለት።”

“አንቱ ደግሞ በምን አወቁ?”

“ዕድሜዬን በመሮ ድንጋይ ስበሳ አይደል የኖርኩት? መትተህ፣ መሮህን ዞር አድርገህ፣ ዱቄቱን በረጅም ማንኪያ ታወጣለህ። ያላወጣህ ለታ እንዲሁ ስትቀጠቅጥ ትውላለህ።”

አፈርኩ። ቤት የሚያክል ማሽን ላይ ቆሜ በማንኪያ ተማርኩ። ቢቱን ከፍ አድርጌ አየሩን ብቻ ለቀቅኩት፤ የታመቀው ዱቄት እየተንቦለቦለ ወጣ፣ ሁላችንም እህል አስፈጭተን የተመለስን መሰልን። ከዚያ በኋላ ቢቱ እሺ አለ። በማግሥቱ ከሰዓት ውኃ ወጣ፣ ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት፣ አያ ደሴም በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ከቤታቸው የሚያስወጣቸው የለም።

ክረምቱ ሲወጣ ጉድጓዱ ላይ የተተከለውን ፓምፕ ለማየት ተመለስኩ። ውኃው ኩልል ይላል። አያ ደሴ እዚያው በርጩማ ላይ ናቸው፣ ፊታቸው ግን ወደ መኪና መንገዱ ነው።

“ልጅዎ ደህና ናት?”

“ደህና ናት። ትደውላለች። ‘ውኃው አለ አይደል?’ ትለኛለች፣ ‘አለ’ እላታለሁ። እንግዲህ ለምን ትምጣ?”

ሰው እንዳይሰማ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

“ይኸን ፓምፕ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲበላሽ ማድረግ ይቻልሃል?”

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሥራዬን ጨርሼ ወደ ደጀን በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ በሉማሜ ያልፋል፣ ሉማሜ እናቴ ብቻዋን ትኖራለች። ከሦስት ዓመት በፊት ግቢዋ ድረስ ቧንቧ አስገብቼላታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ‘ምን ጎድሎባት’ እያልኩ ስንቴ በመስኮት አይቼ እንዳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የዚያን ቀን ግን ጮክ ብዬ “ወራጅ አለ!” አልኩ።

እናቴ በሩን ከፍታ ስታየኝ ክው አለች።

“ምነው ልጄ? ምን ተበላሸ?”

ከኋላዋ ከቧንቧው ሥር የተቀመጠው ባልዲ ሞልቶ ውኃው እየፈሰሰ ነው።

“ቧንቧው” አልኳት።