ያልቀለጠ ቅቤ

[ሶዶ ከተማ፣ አንድ ትንሽ የማሠልጠኛ ቢሮ። ሄኖክ በኢንተርኔት የሚሰጥ የቅቤ አያያዝ ትምህርት ያዘጋጀ ወጣት ባለሙያ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። አልጋነሽ ከቦዲቲ የመጡ አሮጊት ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ጠረጴዛው በወረቀትና በላፕቶፕ ተሞልቷል። ከላፕቶፑ ጎን፣ በቻርጀሩ ላይ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ተቀምጧል።]

አልጋነሽ፦ አንሳው እንጂ ልጄ።

ሄኖክ፦ አይነሳም አልኩ እኮ።

አልጋነሽ፦ ይሄ ቻርጀር ይሞቃል። [በጣታቸው ነክተው ቶሎ ይመልሳሉ] ኧረ ያቃጥላል!

ሄኖክ፦ ይሙቅ። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ቦታ የለም።

አልጋነሽ፦ ወንበሩ ላይ አድርገው።

ሄኖክ፦ ወንበሩ ላይ እርስዎ ተቀምጠዋል።

አልጋነሽ፦ እኔ እነሳለሁ።

ሄኖክ፦ እርስዎ ቆመው ቅቤ ይቀመጥ?

አልጋነሽ፦ እኔ አልቀልጥም። እሱ ይቀልጣል።

ሄኖክ፦ አይቀልጥም። ጥሩ ቅቤ በትንሽ ሙቀት አይቀልጥም።

አልጋነሽ፦ ማን አለ?

ሄኖክ፦ እማማ፣ የቅቤውን ትምህርት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

አልጋነሽ፦ እሱስ ልክ ነው።

ሄኖክ፦ አሁን ወደ ጉዳያችን። ምን ልርዳዎት?

አልጋነሽ፦ የምስክር ወረቀቱን ልወስድ ነው የመጣሁት። ቦዲቲ ገበያ ለቅቤ ነጋዴ ጣሪያ ያለው መደብ ተሠርቷል። የሚሰጠው ያንተን ትምህርት ለጨረሰ ብቻ ነው። ምዝገባው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል። የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ደግሞ ደርሷል፤ ቅቤ የሚሸጠው ያኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ፀሐይ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ቅቤዬ አንድ ቀን ጥላ ሥር ሲውል ሳላይ መሞት አልፈልግም።

ሄኖክ፦ ትምህርቱን ጨርሰዋል?

አልጋነሽ፦ ጨርሻለሁ።

ሄኖክ፦ [ላፕቶፑን እያየ] ችግሩ ይኸው ነው። አራት ጊዜ ጨርሰዋል።

አልጋነሽ፦ አነሰ?

ሄኖክ፦ በዛ! ትምህርቱ እኮ አራት ዓይነት ነው። ሰው ሁሉ በአንድ መንገድ አይማርም። በዓይኑ የሚማር አለ፤ ለእሱ ቪዲዮ ሠራሁ። በጆሮው የሚማር አለ፤ ለእሱ ድምፅ ቀዳሁ። በንባብ የሚማር አለ፤ ለእሱ ጽሑፍ አዘጋጀሁ። በእጁ የሚማር አለ፤ ለእሱ እየነካ የሚሠራው መልመጃ አለ። አንድ ሰው አንዱን ይመርጣል፣ አንዱን ይማራል፣ ይሄዳል።

አልጋነሽ፦ እኔ አራቱንም ነካሁ።

ሄኖክ፦ ለምን?

አልጋነሽ፦ ሰው ቤት ገብተህ አራት ዓይነት ምግብ ቢቀርብልህ አንዱን ብቻ በልተህ ትነሳለህ? ባለቤቷ ምን ትላለች?

ሄኖክ፦ ይሄ ምሳ አይደለም።

አልጋነሽ፦ ግን ለፍተህበታል አይደል?

ሄኖክ፦ ስድስት ወር።

አልጋነሽ፦ ታዲያ ሦስቱን ሳልቀምስ ልነሳ?

ሄኖክ፦ [ይተነፍሳል] እንዴት አድርገው ተማሩት?

አልጋነሽ፦ ስልኩ የልጅ ልጄ የፀደንያ ነው። ቪዲዮውን በደህናው ዓይኔ አየሁት። ድምፁን ወተት ስንጥ ሰማሁት። የእጁን ከጎረቤቴ ጋር ሠራነው። ጽሑፉን ግን ብቻዬን ነው ያነበብኩት።

ሄኖክ፦ ብቻዎን?

አልጋነሽ፦ ፊደል የቆጠርኩት ፀደንያ አንደኛ ክፍል ስትገባ አብሬያት ነው። አሁን እሷ ዘጠነኛ ደርሳለች። እኔ እዚያው ነኝ። አንድ ገጽ አንድ ቀን ይፈጅብኛል።

ሄኖክ፦ ጽሑፉ ስምንት ገጽ ነው።

አልጋነሽ፦ ስምንት ቀን ነዋ።

ሄኖክ፦ ይህን ሁሉ መድከም አልነበረብዎትም። ሲስተሙንም ግራ አጋብተውታል። ይዩት፤ "የመማሪያ ዘዴ" የሚለው ሳጥን ባዶ ነው። እሱ ካልተሞላ የምስክር ወረቀት አይታተምም።

አልጋነሽ፦ አንዱን ጻፍበታ።

ሄኖክ፦ ዝም ብሎ አይጻፍም። ሳይንስ ነው። ሰው ከዘዴው ጋር ነው የሚወለደው።

አልጋነሽ፦ እናቴ አልነገረችኝም።

ሄኖክ፦ ለዚህ ነው መጠይቅ ያለው። [ወረቀት ያነሳል] ጥያቄ አንድ። አንድ ሰው የገበያውን መንገድ ቢጠይቅዎት ምን ያደርጋሉ? ሀ፣ ካርታ እስልለታለሁ። ለ፣ በቃል እነግረዋለሁ። ሐ፣ ጽፌ እሰጠዋለሁ። መ፣ በእጄ እጠቁመዋለሁ።

አልጋነሽ፦ ማነው ሰውየው?

ሄኖክ፦ ማንም ይሁን።

አልጋነሽ፦ የማን ልጅ እንደሆነ አላወቅንም?

ሄኖክ፦ እንግዳ ነው። መንገዱን አያውቅም።

አልጋነሽ፦ ታዲያ አብሬው እሄዳለኋ።

ሄኖክ፦ አብሮ መሄድ ምርጫው ውስጥ የለም።

አልጋነሽ፦ ሰውየው ይጥፋ?

ሄኖክ፦ [በወረቀቱ ላይ እየጻፈ] "መልስ የለም።" ጥያቄ ሁለት። አዲስ ስልክ ቢገዙ አጠቃቀሙን እንዴት ይለምዳሉ? ሀ፣ ሌላ ሰው ሲጠቀም አያለሁ። ለ፣ ሲያስረዱኝ እሰማለሁ። ሐ፣ መመሪያውን አነባለሁ። መ፣ እየነካካሁ እሞክራለሁ።

አልጋነሽ፦ ለፀደንያ እሰጣታለሁ።

ሄኖክ፦ ፀደንያ ከሌለችስ?

አልጋነሽ፦ ፀደንያ ከሌለች ስልክ ለምን ገዛሁ?

ሄኖክ፦ "መልስ የለም።" እማማ፣ ከዚህ በፊት እንደ እርስዎ ያለ ሰው አልገጠመኝም።

አልጋነሽ፦ እግዜር ይስጥህ ልጄ።

ሄኖክ፦ ምስጋና አይደለም። ቆይ፣ በምሳሌ ላስረዳዎት። ጥሩ ቅቤ የሚለይባቸው ምልክቶች አሉ አይደል? ቀለሙን ለዓይን ተማሪዎች ብቻ አስተማርኩ። መጥበሻ ላይ የሚሰማውን ድምፅ ለጆሮዎቹ ብቻ። መዳፍ ላይ ማሸቱን ለእጆቹ ብቻ። የቀረውን ለሚያነቡት። አእምሮ እንዳይጨናነቅ።

አልጋነሽ፦ እንግዲህ የዓይኖቹ ድምፁን አያውቁም።

ሄኖክ፦ አያስፈልጋቸውም። እኔ ራሴ የዓይን ተማሪ ነኝ። ይሄን ቅቤ ዛሬ ጠዋት ሻንቶ መንገድ ዳር አየሁት። ከሚኒባሱ መስኮት ሆኜ! ቢጫ! እንደ እንቁላል አስኳል! አስቁሜ ወረድኩ፣ ገዛሁ፣ ተመለስኩ። ለእናቴ ለመስቀል ልልክላት ነው። የደብረ ብርሃኑ መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል።

አልጋነሽ፦ ቀመስከው?

ሄኖክ፦ ምን ያስቀምሰኛል? አየሁት እኮ።

አልጋነሽ፦ አሸተትከው?

ሄኖክ፦ ማሽተት በዘዴዎቹ ውስጥ የለም።

አልጋነሽ፦ [ወደ ቻርጀሩ እያዩ] አልቀለጠም።

ሄኖክ፦ አላልኩዎትም?

አልጋነሽ፦ ብለሃል። [አሁንም ያዩታል] እኔ ከገባሁ ቆየሁ። ገና ምንም አልሆነም።

ሄኖክ፦ ጥራት ማለት ይሄ ነው። እንግዲህ እማማ፣ ውሳኔዬን ልንገርዎት። ዘዴዎ አልታወቀም። ስለዚህ ያሁኑን አጠፋውና አንድ ዘዴ መርጠው ከመጀመሪያው ትምህርት እንደገና ይጀምራሉ።

አልጋነሽ፦ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ሄኖክ፦ ሁለት ሳምንት።

አልጋነሽ፦ ምዝገባው ዛሬ ነው።

ሄኖክ፦ አዝናለሁ። ሕግ ነው።

አልጋነሽ፦ ሕጉን ማን አወጣው?

ሄኖክ፦ እኔ።

[አልጋነሽ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። አይነሱም።]

አልጋነሽ፦ እሺ። ከመሄዴ በፊት ተማሪ መምህሩን ይጠይቃል አይደል?

ሄኖክ፦ ይጠይቃል።

አልጋነሽ፦ ቅቤ መጥበሻ ላይ ሲደረግ ጠሽ ጠሽ እያለ ቢጮህ ምን ማለት ነው?

ሄኖክ፦ እሱ የጆሮ ክፍል ነው።

አልጋነሽ፦ አንተ አይደለህ ያዘጋጀኸው?

ሄኖክ፦ አዘጋጅቻለሁ። ግን የጆሮ ተማሪ አይደለሁም።

አልጋነሽ፦ ውሃ ተጨምሮበታል ማለት ነው። መዳፍህ ላይ አሽተኸው ጓል ጓል ቢልስ?

ሄኖክ፦ የእጅ ክፍል።

አልጋነሽ፦ ባዕድ ነገር ገብቶበታል ማለት ነው። ሙቀት አጠገብ ተቀምጦ ባይቀልጥስ?

ሄኖክ፦ እሱ... የንባብ ክፍል ይመስለኛል።

አልጋነሽ፦ ገጽ ሰባት። ሰባተኛው ቀን።

ሄኖክ፦ ምን ይላል?

አልጋነሽ፦ አንተ ነህ የጻፍከው።

ሄኖክ፦ ከመጽሐፍ ነው የገለበጥኩት። ምን ይላል?

አልጋነሽ፦ [በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደሚያነቡ ሆነው] "ንጹህ ቅቤ... ሙቀት ባለበት ቦታ... አይቀመጥም። ቶሎ ይቀልጣል።"

[ሄኖክ ቀስ ብሎ ወደ ቻርጀሩ ይዞራል። ቅቤው እንደተቀመጠ ነው። ሁለቱም ያዩታል።]

ሄኖክ፦ ምናልባት ቻርጀሩ ቀዝቅዞ ይሆናል። [ይነካዋል፤ እጁን ያራግፋል] አልቀዘቀዘም።

አልጋነሽ፦ ቅቤ ቢሆን እስካሁን ወረቀትህ ሁሉ በራሰ ነበር። መጀመሪያ ለቅቤው ፈርቼ ነው አንሳው ያልኩህ። ኋላ ለአንተ ፈራሁ።

ሄኖክ፦ [ቅጠሉን ይፈታል። ከመሃሉ ቆንጥሮ መዳፉ ላይ ያሻል።]

አልጋነሽ፦ ምን አገኘህ?

ሄኖክ፦ ጓል።

አልጋነሽ፦ አሽትተው።

ሄኖክ፦ ድንች ድንች ይላል።

አልጋነሽ፦ የተቀቀለ። ቅቤው ከላይ በስሱ የተቀባ ብቻ ነው።

ሄኖክ፦ ቢጫውስ?

አልጋነሽ፦ እርድ ነው። ሻጯ ልክ አድርጋ ጨምራበታለች፤ እጇ ሙያ አለው። ማን ናት?

ሄኖክ፦ ፈጠነች የምትባል ናት። ያመንኳት እኮ... [ድምፁን ይቀንሳል] ጃንጥላዋ ላይ የምስክር ወረቀት ሰቅላለች። የእኔ ፊርማ አለበት።

አልጋነሽ፦ በየትኛው ነው የተማረችው?

ሄኖክ፦ [ላፕቶፑን ይነካካል] በዓይን። መቶ ከመቶ።

አልጋነሽ፦ ጎበዝ ተማሪ ናት። ስለ ቀለም አስተማርካት፣ ቀለሙን አሳምራ አመጣችልህ።

ሄኖክ፦ እማማ፣ በዓይን ብቻ ጨርሰው የምስክር ወረቀት የወሰዱ አርባ ሦስት ናቸው።

አልጋነሽ፦ ሁሉም መደብ ሊሰጣቸው ነው?

[ሄኖክ የማተሚያውን ገመድ ይሰካል።]

ሄኖክ፦ ሳጥኑ ውስጥ ምን ልጻፍ? ባዶ ከሆነ አያትምም።

አልጋነሽ፦ "ጨርሳለች" በል።

ሄኖክ፦ እሱ እኮ ዘዴ አይደለም።

አልጋነሽ፦ ሞክረው።

ሄኖክ፦ [ይጽፋል። ማተሚያው መጮህ ይጀምራል] ተቀበለው።

አልጋነሽ፦ አላልኩህም?

[ሄኖክ ወረቀቱን ፈርሞ፣ ማኅተም አሳርፎ፣ ተነስቶ በሁለት እጁ ይሰጣቸዋል። አልጋነሽ ይቀበሉና እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ።]

ሄኖክ፦ እማማ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። የቦዲቲው ሚኒባስ ያመልጥዎታል።

አልጋነሽ፦ ቆይ፣ ስሜ ጋ ደርሻለሁ። [ያነባሉ] ልክ ነው። [ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ይከታሉ] አንተስ?

ሄኖክ፦ እኔ አርባ ሦስቱን መጥራት አለብኝ። ከመጀመሪያው ትምህርት እንደገና ይጀምራሉ። አራቱንም።

አልጋነሽ፦ አርባ አራት በል። አንተም ትጀምራለህ።

ሄኖክ፦ [አንገቱን ደፍቶ] እሺ። እናቴን ግን ምን እላታለሁ? መኪናው ስምንት ሰዓት ይወጣል። ቅቤ እልክልሻለሁ ብያታለሁ።

[አልጋነሽ ይነሳሉ። ከነጠላቸው ሥር በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ሌላ ቅቤ አውጥተው ይሰጡታል።]

አልጋነሽ፦ ይሄን ላክላት። ትናንት የተናጠ ነው። ስገባ ልሰጥህ ነበር፤ ሳትፈርም ከሰጠሁህ ግን ጉቦ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ሄኖክ፦ እማማ... [ተቀብሎ፣ ሳያስበው ቻርጀሩ ላይ ሊያስቀምጠው ያጎነብሳል]

አልጋነሽ፦ ልጄ!

[ሄኖክ ይደነግጣል። ዙሪያውን ይመለከታል። አልጋነሽ የተነሱበት ወንበር ላይ በጥንቃቄ ያስቀምጠውና እሱ ቆሞ ይቀራል።]

ሄኖክ፦ ያኛውንስ ምን ላድርገው?

አልጋነሽ፦ [በሩን እየከፈቱ] ያኛው ያንተ ነው። ለዓይን ተማሪ ነው የተሠራው፤ በዓይንህ ብላው።

[ይወጣሉ።]