ዘንዶው እንዳይቀልብን

በየሰፈሩና በየማኅበሩ፣ ሌላው ሁሉ «ተመስገን፣ ቀለለልን» ሲል «ማን አቅልሉልኝ አለ?» ብሎ የሚነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። ሊፍት ቢተከልለት በደረጃ ይወጣል፤ አቋራጭ ቢከፈትለት ዞሮ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ዓለም ይሄኔ ተጋድማ ነበር።

የኛው፣ ክቡር ጋሽ አይቅለል፣ በሙያቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሲለኩና ሲቆርጡ ውለው፣ ሱቁን ሲዘጉ ከስፌት መኪናው አጠገብ ኮምፒውተራቸውን ይከፍታሉ፤ ያን ጊዜ በኦንላይን ጌም ውስጥ የጦር አዝማች ይሆናሉ። ጦሩ ተባብሮ አንድ አውሬ ይጥላል፤ የወደቀው አውሬ ጥሩር ወይም ራስ ቁር ትቶ ይሞታል፤ ያንን የለበሰ ደግሞ ወደ ባሰው አውሬ ይሻገራል። ፋርማሲስቷ ታናሽ እህታቸው የቆሰለ ታክማለች። ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ይሞታል። ሌላ ሥራ የለውም። እስካሁን ያልጣሉት የመጨረሻው አውሬ፣ ዘንዶው፣ እሳት ሊተፋ ሲል መሬቱ ቀይ ይሆናል፤ ያኔ ሁሉም ይሸሻል፤ እሱ ግን ቆሞ ቀይነቱን ያጣራል።

አንድ ጊዜ ኩባንያው ጌሙን ለከፈተ ሁሉ የወርቅ ጎራዴ በነፃ ቢያድል፣ ጋሽ አይቅለል የደረሳቸውን ወስደው እዚያው ጌሙ ውስጥ ካለ ወንዝ ወረወሩት። «ያልደከሙበት ልብስ ገላ ላይ ይሰፋል» ይላሉ፣ ጎራዴም ቢሆን ልብስ ነው ብለው። እህታቸው ለኔ ብትሰጠኝስ ብላ ሳምንት አኮረፈች።

ከዚያ ክፉ ወሬ መጣ። ሰው ሁሉ ከበደን እያለ ስላማረረ፣ ከሰኞ ጀምሮ የዘንዶው ጉልበት በግማሽ ይቀነሳል ተባለ። እህትየውና ፀጉር አስተካካዩ ደስታቸውን ይዘው ልብስ ስፌት ቤቱ ድረስ መጡ። ሰኞን ብንጠብቅ ሻይ እየጠጣን እንጥለዋለን አሏቸው። ጋሽ አይቅለል መቀሱን አስቀመጡ።

«ከባድ ሰው ሲመጣ ከወንበራችን እንነሳለን። ለቀላል ሰው የተነሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዘንዶም ያው ነው። እሁድ እንጥለዋለን፣ ክብሩ ሳይገፈፍ።»

እሁድ ከሰዓት ሁሉም ከየቤቱ ማይክሮፎኑን ከፍቶ ዘመተ። ዘንዶው አንዲት ጭረት ነፍስ ሲቀረው ፀጉር አስተካካዩ ተጠበሰ፤ ጦሩም ተከትሎት አለቀ። ደጋግመው ገቡ፤ ደጋግሞ ተጠበሰ። በመጨረሻ እህትየው ወንድሟን ለብቻው ያናገረች መስሏት ለሁሉም በሚሰማው ማይክሮፎን ተናገረች። አብራት የምትሠራው ልጅ በጌሙ የታወቀች ጎበዝ ናት፤ ፀጉር አስተካካዩን ለዛሬ ብቻ ብናሳርፈውና እሷ ብትገባ ዘንዶው አለቀለት አለች።

ፀጉር አስተካካዩ ሰማ። ነገ የሚባል ዘንዶ እንደሌለ ያውቃል። ጋሽ አይቅለል ይህን ድል ምን ያህል እንደሚፈልጉትም ያውቃል። ፍርዱን ሳይሰማ ለመሄድ ማዳመጫውን ሊያወልቅ እጁን ሰደደ።

«እሱ ከወጣማ ቀለለ» አሉ ጋሽ አይቅለል። «እሱን ይዤ ካልጣልኩት፣ ምኑን ጣልኩት?»

ስድብ ይሁን ምስጋና ፀጉር አስተካካዩ እስከ ዛሬ አልለየውም። ማዳመጫውን ግን አላወለቀም። እሁድ አለፈ፤ ዘንዶውም አልወደቀም።

ሰኞ አገሩ ሁሉ ዘንዶ ሲጥል ዋለ። ጋሽ አይቅለል ሱቃቸውን ዘግተው ጦራቸውን በጌሙ ውስጥ ከዘንዶው ዋሻ ደጃፍ ላይ ሰበሰቡ። ከዚያ ያንን ሁሉ የለፉበትን ጥሩር፣ ራስ ቁሩን፣ ጫማውን ሳይቀር አውልቀው በግልገል ሱሪ ቆሙ።

«የሱን ጉልበት እነሱ ከቀነሱበት፣ የኛን እኛው እንቀንሳለን» አሉ።

እህትየው መሳቂያ ልታደርገን ነው እያለች አወለቀች። ፀጉር አስተካካዩ ማንም ሳይጠይቀው ቀድሞ ራቁቱን ነበር። ከራስ እስከ እግሩ ወርቅ የለበሰ አንድ የማያውቁት ተጫዋች በዚያ ሲያልፍ አያቸውና፣ ምን ነካችሁ፣ ዘንዶው እኮ ቀልሏል፣ ብሎ ጻፈላቸው።

«የናንተው ይሆናል» ብሎ መለሰለት ፀጉር አስተካካዩ፤ ከአዝማቹም ቀድሞ ዋሻው ውስጥ ገባ።