አሥረኛው ምስኪን

ምሳ ተጋብዛችሁ፣ ጠግባችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ለባለቤቱ ዱዓ እየተደረገ ሳለ... የተጠራችሁት ለክብራችሁ ሳይሆን ለድህነታችሁ መሆኑን ከዱዓው መሃል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የለም? እንግዲያው ገና በወጉ አልተጋበዛችሁም! እኔ ሰምቻለሁ። ያውም "አሚን" እያልኩ።

ከመጀመሪያው ላስረዳ። ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ ቡታጅራ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ "መምህር ገባን፣ ገባን፣ ይበቃል!" እስኪሉኝ ድረስ አስረዳለሁ። እናንተ እንዲህ ልትሉኝ ስለማትችሉ ደስ ብሎኛል።

የከተማችን ሰው ይምላል። ሻጩ ይምላል፣ ገዢው ይምላል፣ የባጃጅ ሹፌሩ "ወላሂ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ" ብሎ ባዶ ባጃጅ ውስጥ ያስገባችኋል። በርበሬ ተራ ብትሄዱ ደግሞ ከጆንያው ይልቅ መሐላው ይከብዳል። "ወላሂ የማረቆ ነው!" የማረቆ መሬት በመሐላው ልክ ቢሰፋ ኖሮ ይሄኔ ሞያሌ ደርሶ ነበር።

ሃይማኖታችን ይህን አመላችንን ያውቀዋል። ምላስ በልማድ የምታፈሳት "ወላሂ" አለች፤ እሷ አትቆጠርም። አስቦ፣ ቆርጦ፣ "ወላሂ እንዲህ አላደርግም" ያለ ሰው ግን ነገሩን ካደረገው ከፋራ አለበት። ከፋራ የፈረሰ መሐላ ማካካሻ ነው። አሥር ምስኪን ታበላለህ ወይም ታለብሳለህ፤ ይህን ካልቻልክ ሦስት ቀን ትጾማለህ። ግልጽ ነው? ጥሩ። ስሙ ከፋራ ነው፤ የእኔው ግን ከፋ።

ሐጂ ሸምሱ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። እንደሚተነፍሱት ይምላሉ፤ አንዳንዴም ለመተንፈስ ጊዜ አያገኙም። ልጃቸው ሐያት ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። እኔና ሐያት ደግሞ... ይህቺን እንኳ አላስረዳም። አንድ ቀን ደወለችልኝ።

"አባዬ እሑድ ምሳ ጠርቶሃል።"

"እኔን?"

"አንተን።"

"በስሜ?"

"'ያንን መምህር ጥሪው' ነው ያለኝ።"

"ድምፃቸው እንዴት ነበር? የቁጣ ነው የፍቅር?"

"አንተ ሰውዬ! ና ተብለሃል፣ ና!"

እንግዲህ የማንኛውም ጤነኛ ሰው ግምት ምን ይሆናል? ለአማችነት ሊያዩኝ ነው! አብሮኝ የሚኖረው ታምራት፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው፣ ኮቱን አዋሰኝ። "ቤተ ክርስቲያን የምሄድበት ነው፤ ስትበላ እጅጌውን ሰብስብ" አለኝ። ሐጂ ሊጠይቁኝ የሚችሉትን ሁሉ አስቤ መልስ አዘጋጀሁ። ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ትውልድ አገሬ ጉንችሬ፣ ስለ ዓላማዬ። በመግቢያ፣ በሐተታና በመደምደሚያ።

ደጃፉ ላይ የተደረደረውን ጫማ ሳይ ደረቴ ተነፋ። የሚያብረቀርቅ ቆዳ ብቻ! ሶሉ የተለጠፈውን የራሴን ከበሩ መጋረጃ ሥር ወሸቅ አድርጌ ገባሁ። ውስጥ ያሉት የከተማው ትልልቆች ናቸው፦ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያላቸው፣ የጭነት መኪና ያላቸው፣ ዱባይ ደርሰው የመጡ። ሐጂ ለዘመድ ወዳጅ እያስተዋወቁኝ ነው አልኩ በልቤ። ክትፎው በቆጮ መጣ፣ አይቡ ተከተለ። እኔ ለአማችነት በሚመጥን ጨዋነት በትንሽ በትንሹ ስቆርስ ሐጂ አዩኝ።

"ብላ እንጂ መምህር! አትፈር! ለዚሁ አይደል የተጠራኸው?"

ፍቅር መስሎኝ! በላሁ። እንደታዘዝኩት በላሁ።

ማዕዱ ሲነሳ ባለመኪናው ሰውዬ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ።

"ያ ረቢ! የሐጂን ርዝቅ፣ ሲሳያቸውን፣ አስፋላቸው!"

"አሚን!"

"ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቃላቸው!"

"አሚን!!" ይህቺ የእኔ ነበረች። ቤቱ ዞሮ አየኝ።

"ያ ረቢ! እነዚህን አሥር ምስኪኖች አብልተው ያወጡትን የመሐላ ከፋራ ተቀበላቸው!"

"አሚ..."

"ን"ዋ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረች። በዓይኔ ቆጠርኩ። ሐጂን ሳይጨምር አሥር ሰው። አሥረኛው በሩ አጠገብ፣ በተውሶ ኮት።

"ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... ምስኪኖቹ የት አሉ?"

ባለመኪናው ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ መለሱልኝ። "እኛ ነን እንጂ!"

"እርስዎ? ሁለት የጭነት መኪና እያለዎት?"

"አንዱ ጋራዥ ነው።"

ባለመደብሩ ደግሞ ዓይናቸውን ወደ ኮርኒሱ ሰቀሉ። "በአላህ ፊት እኮ ሁላችንም ምስኪን ነን፣ መምህር።" ይህን የሚናገሩት በሥጋ ብዛት ቀበቷቸውን እያላሉ ነው!

"ሐጂ፣ መስጂዱ በር ላይ ስንት የተቸገረ ሰው አለ፤ ለምን እነሱን አልጠሩም?"

"ምንጣፉን አታይም? ወላሂ ትናንት ነው የተነጠፈው!"

ምንጣፉን አየሁ። እውነትም አዲስ ነው። የሚገርማችሁ፣ እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ እኔም ዝም እል ነበር፤ ከትልልቆቹ ጋር የውሸት ምስኪን መሆን ያን ያህል አያሳፍርም። ግን አፌ አልያዝልህ አለኝ።

"እሺ፣ እኔስ?"

"አንተማ" አሉ ሐጂ፣ በፍጹም ቅንነት፣ "አስተማሪ ነህ!"

ቤቱ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም! ቢስቁ እኮ ቀልድ ነበር። ተነሣሁ።

"ወላሂ!" አልኩ፤ ይህቺ "ወላሂ" የምላስ ልማድ አልነበረችም፤ አስቤ፣ ቆርጬ ነው። "ወላሂ ሁለተኛ የዚህን ቤት ደጃፍ አልረግጥም!"

ወጣሁ። ጫማዬን ከነዚያ ሁሉ መሃል ለማግኘት አልተቸገርኩም።

ቤት እንደገባሁ ታምራት መጀመሪያ ያየው ፊቴን ሳይሆን እጅጌዬን ነው። "ቅቤ! ኮቴ ላይ ቅቤ!" የሆነውን ሁሉ አስረዳሁት። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠኝና "ቆይ፣ ደሞዛችን አንድ ነው አይደል?" አለኝ። "አንተ ምስኪን ካልሆንክ እኔ ምስኪንነቱን ከየት አመጣሁት?" ይህን ሰው ጓደኛ ያልኩበትን ቀን እያሰብኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሐያት ናት።

"ምንድን ነው ያደረግከው?"

"አባትሽን ጠይቂ! ምስኪን ብለው ቆጠሩኝ! ለበርበሬ መሐላቸው ከፋራ!"

"የምን በርበሬ? ከፋራው ላንተ ነው!"

"እንዴት?"

"'ወላሂ ልጄን ለጠመኔ አልሰጥም' ብሎ ምሎ ነበር! እናቴ ስንት ጊዜ አኩርፋ፣ ስንት ሰው አስልካ ነው ሐሳቡን ያስቀየረችው። ዛሬ መሐላውን አፍርሶ፣ ከምሳ በኋላ ሽማግሌ ላክ ሊልህ ነበር!"



"ታዲያ... ለምን ከአሥሩ ውስጥ አስገቡኝ?"

"አንድ ሰው ጎደለው። 'መምህሩ ለሌላው ጉዳይ መምጣቱ ካልቀረ እግረ መንገዱን ይቆጠር' አለ። ነጋዴ ነው እኮ! መኪናው ባዶውን ሲመለስ አይወድም።"

እግረ መንገዴን! የሕይወቴ ትልቁ ቀን፣ ለሐጂ የመልስ ጭነት!

"አሁንም እስከ ኀሙስ ይጠብቅሃል" አለች ሐያት። "አንተው ራስህ እቤታችን መጥተህ ካላናገርከው ሌላ መሐላ ይምላል። እናቴ ደግሞ ሁለተኛ የማኩረፍ አቅም የላትም።"

ይታያችሁ! ሐያትን ለማግባት ያንን ደጃፍ መርገጥ አለብኝ፤ ያንን ደጃፍ እንዳልረግጥ ደግሞ ምያለሁ። ሰው በመሐላው ሲቀልድ ከንፈሬን የምመጥጠው እኔ!

ወደ ሼህ ኑረዲን ሄድኩ። የመስጂዳችን ኢማም ናቸው፤ ትዕግሥታቸው ረጅም፣ ጆሯቸው ትንሽ የደከመ። ነገሩን በዝርዝር አስረዳሁ። ቢቀርብኝ ይሻል ነበር፤ ግማሹን አልሰሙትም።

"መሐላ ከመልካም ነገር ማስቀሪያ አይደለም" አሉኝ። "ግባ፣ ሰላም አውርድ፣ ከፋራህን አውጣ። አሥር ምስኪን ማብላት ትችላለህ? ካልቻልክ ትጾማለህ።"

"እችላለሁ!" አልኩ ኮራ ብዬ። ምን ልበል? "አልችልም" ማለት እኮ ሐጂ ልክ ናቸው ማለት ነው! እኔ ሽሮ አሠርቼም ቢሆን አበላለሁ እንጂ ያንን ቃል ከአፌ አላወጣም።

ሥርዓት ስለምወድ መጀመሪያ ምስኪኖቹን ማዘጋጀት አለብኝ አልኩ። ከሚያውቁኝ ሰዎች ጀመርኩ፤ ማለትም ከተሳፈርኩበት ባጃጅ።

"ወንድሜ፣ ነገ ምሳ ልጋብዝህ።"

"ምን ተገኘ መምህር?"

"ከፋራ ነው። ለምስኪን የሚ..."

ባጃጁ ቆመ። ሰው ሊጭን መስሎኝ ነበር።

"ለምን? ወላሂ ምስኪን አይደለሁም! ውረድ!"

"ኧረ ቆይ፣ ቃሉ በሸሪዓ ሲፈታ..."

"ውረድ አልኩህ!"

በጭቃው እየሄድኩ አሰብኩ። በዚህ ከተማ ኑሮ ተወደደ፣ ኪሳችን ተራቆተ የማይል ሰው የለም። በስሙ ስትጠሩት ግን ሁሉም መስቃን ውስጥ ሰፊ እንሰት አለው፣ አዲስ አበባ ሱቅ ያለው አጎት አለው፣ ሊመጣ ያለ ነገር አለው። ኩሩ ሕዝብ! (እኔን ሳይጨምር አላልኩም።)

በመጨረሻ መስጂዱ በር ላይ የሚቀመጡት አባ ጀማል ዘንድ ደረስኩ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሰው እጅ ነው የሚጠብቁት።

"አባ ጀማል፣ ነገ ለከፋራ ላበላዎት ነው።"

"አላህ ይቀበልህ፣ ልጄ። ምንድን ነው ምግቡ?"

"ሽሮ።"

"ሐጂ ሸምሱ እሑድ ክትፎ አበሉ ሲባል ሰማን።"

"አዎ... አብልተዋል።"

"ለምስኪን?"

"ለ... አዎ።"

"ሽታውስ እዚህ ደርሶ ነበር" አሉ አባ ጀማል፣ ሳይቆጡ። "ጥሪው ነው ያልደረሰን።"

ለካስ እኔ ክብሬን ተነካሁ ብዬ ስፎክር የሰነበትኩት የእሳቸውን ክትፎ በልቼ ነው።

ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሼህ ኑረዲን ፊት ቁጭ አልኩ።

"አሥር ሰው ማብላት አልቻልኩም፣ ሼህ።"

"ደሞዝ የለህም?"

"አለኝ።"

"ይበቃሃል?"

"እስከ ወሩ አጋማሽ... ከጠነከርኩ።"

"ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ምንም የሌለው ፈቂር ይባላል። ኖሮት የማይበቃው ምስኪን ነው። አንተ ምንድን ነህ?"

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ እንኳ እንዲህ ያለ ከባድ ጥያቄ አልመጣልኝም።

"ምስኪን ነኝ" አልኩ፣ በሹክሹክታ።

"አልሰማሁህም።"

"ምስኪን ነኝ።"

"ጮክ በል፣ ልጄ!"

"ወላሂ ምስኪን ነኝ!!"

ጫማቸውን ሊያጠልቁ ጎንበስ ያሉ ሰዎች ቀና አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሐጂ ሸምሱ! ፊታቸው በራ።

"አላልኩም? እኔ ምን አልኩ? አስተማሪ ነው አላልኩም?"

ሼህ ኑረዲን ግን ወደ እሳቸው ዞሩ። የዚያን ቀን ጆሯቸው ከየት መጣ እላችኋለሁ! "ሐጂ፣ ያበላኸውን ሰው ዝርዝር ሰምቻለሁ። ይኸኛው ምስኪን ተቆጥሮልሃል። የቀሩትን ዘጠኙን እንደገና አብላ።"

ከአሥር አንድ! እኔ ለተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት ሰጥቼ አላውቅም።

"ወላሂ እነሱም..." ብለው ጀመሩ ሐጂ።

"አትማል!" አሉ ሼህ። "ሌላ በሬ አለህ?"

የዚያኑ ዕለት ከሐጂ ጋር ሄጄ ደጃፉን ረገጥኩ። መሐላዬ ፈረሰ፣ ሽማግሌ የመላክ ፈቃድም አገኘሁ። በማግስቱ ጾሜን ጀመርኩ። ሐጂ ሁለተኛውን ግብዣ መቼ አደረጉት? በጾሜ ቀን! ቢቀየር ብዬ ብለምናቸው "ምን አገባህ? አንተ ድርሻህን በልተሃል" አሉኝ። ጨክነውም አይደለም፤ ሒሳቡ ልክ ነው።

አባ ጀማል ምንጣፉ ላይ ከፊት ተቀመጡ። እኔ እጅ አስታጠብኩ። ሐያት ክትፎውን ይዛ በአፍንጫዬ ሥር ስታልፍ ሆን ብላ ዘገየች። ደጃፉ ላይ የተደረደረው ጫማ በሙሉ የእኔን ይመስል ነበር፤ ስወጣ የራሴን ለማግኘት ብዙ ፈለግኩ።

እንግዲህ አስረድቻለሁ፤ የቀረው ተግባራዊ ልምምድ ነው። እስቲ እናንተም ሞክሩት። ሰው በተሰበሰበበት ቆማችሁ፣ ጮክ ብላችሁ፣ "ምስኪን ነኝ" በሉ። አደራ፣ "ወላሂ" እንዳትጨምሩበት። አስተማሪ ከሆናችሁ ያለ መሐላም ያምኗችኋል።