ካባ የለበሰው ፕሮጀክተር

አገራችን ለአዲስ ዕቃ ያላት ክብር አንዳንዴ ያስቀናኛል። ቴሌቪዥን ሲገዛ ዳንቴል ይሠራለታል፤ ሶፋው ላስቲኩ ሳይነሳለት ያረጃል፤ የእንግዳ ብርጭቆማ ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኖ እንግዳውን እስከ ዕለተ ሞቱ ይጠብቃል። አትሳቁ፣ እናንተም ቤት አለ! ከአሶሳ ወጣ ብሎ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ፕሮጀክተር በስጦታ ሲደርሰው የንብረት ክፍሉ ጋሽ ተሰማ መጀመሪያ ያደረጉት ምን ይመስላችኋል? ከነጠረጴዛው የሚሸፍን የነጭ አቡጀዲ ካባ አሰፉለት። ከዚያ ቆለፉበት።

"ጋሽ ተሰማ፣ ለልጆቹ እኮ ነው የመጣው" ስላቸው፣ "ልጆች ይሰብሩታላ!" ይሉኛል። መንፈቅ ሙሉ እንዲህ ተባባልን።

በዚህ መሃል የአስያ ነገር መጣ። አስያ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ የማስተምራት ልጅ ናት። ቤቷ የሚወራው በርታኛ ነው፣ እኔ የማስተምረው በአማርኛ፤ ተሳስታ እንዳይሳቅባት አፏን ዘግታ ትውላለች። አንድ ዓርብ አባቷ መጡ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም።

"መምህር፣ አስያ ዝም ይላል። ዝም ለማለት ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል? ከእናቱ ጋር ወርቅ ያጥብ።"

እስከ ሰኞ እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው፤ ሰኞ ምን እንደማደርግ ግን እኔም አላውቅም።

የዚያ ሰሞን ትምህርታችን ድብልቅ ነገሮችን ስለመለየት ነበር። መጽሐፉ ማጥለያ ወረቀትና የመስታወት ዕቃ አምጡ ይላል፤ ሁለቱም የሉንም። የአባትየው ንግግር ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ወርቅ ማጠብ ምንድን ነው ታዲያ? ወርቅን ከአሸዋ መለየት አይደለም እንዴ! አይ የኔ ነገር! አስያን ጠርቼ ስልኬን ሰጠኋት።

"ነገ እናትሽ ወንዝ ሲወርዱ ቅረጪልኝ። በፈለግሽው ቋንቋ አስረጂ።"

ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። እናንተም እንዳትነግሩብኝ።

ሰኞ ጋሽ ተሰማን በስንት ልመና፣ በስንት ፊርማ አሸነፍኳቸው። ዕቃቸውን ሊጠብቁ ካባውን ታቅፈው አብረው ክፍል ገቡ፤ አባትየውም ከኋላ ቆሙ። ፕሮጀክተሩ ሲበራ ግድግዳችን ጠቁሮና ተላልጦ ኖሮ ምስሉ አልለይ አለ። የሁላችንም ዓይን ካባው ላይ አረፈ። ጋሽ ተሰማ በረጅሙ ተነፈሱና ስፌቱን በምላጭ ተረተሩት፤ ጨርቁን ግድግዳው ላይ ወጠርነው።

አቡጀዲው ላይ የአስያ እናት ወንዝ ውስጥ ቆመው ገበቴያቸውን ሲያዞሩ ታዩ። የአስያ ድምፅ በበርታኛ ይንቆረቆራል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ይመልሱላታል፣ ይከራከሯታል። ከክፍሉ ያልገባን እኔና ጋሽ ተሰማ ብቻ ነበርን። አስያ ዞር ብላ አየችን፤ ሳታዝንልን አልቀረችም። ተነሳች።

"መምህር፣ ወርቅ ከባድ ነው፣ ታች ይቀራል። አሸዋ ቀላል ነው፣ ውሃ ይወስዳል። ገባህ?"

ማንም አልሳቀባትም። እኔ ደግሞ ጥርት አድርጎ ገብቶኝ ሳለ፣ ደግማ እንድትናገር ብዬ "አልገባኝም" አልኳት። ደገመችልኝ።

አባትየው ሲወጡ እጄን ያዙና "አስያ ይናገራል!" አሉኝ። የወርቁን ነገር ስጠይቃቸው፣ "ቅዳሜ ብቻ" አሉ። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

በማግስቱ ፕሮጀክተሩን ልወስድ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ጋሽ ተሰማ ቁልፉን ኪሳቸው መለሱት።

"ሂድና አስያን ላካት። አንተ ስልክህን ለልጅ የምትሰጥ ሰው ነህ፤ ንብረት አላምንህም።"